ሊያ የእናቴን በሽታ ጨረሰችብኝ

ቁጭ ብላችሁ ነው የምታነቡት? ቁጭ በሉ። እኔ ከቀትር ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኝ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ ነው።

ዛሬ በዙም፣ በሁለት ፈታኞች ፊት፣ የገዛ እናቴ ላይ ጮህኩባት።

ምን አድርጋኝ? «ምንም አላመመኝም» ብላኝ!

ዎላሂ! ሰው እናቱ ደህና ነኝ ስትለው አልሐምዱሊላህ ብሎ ጉልበቷን ይስማል። እኔ «እንዴት አያምሽም!» ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። ኮሜንት ላይ ከመረባረባችሁ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ስሙኝ፤ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ስደቡኝ።

እዚህ ጆበርግ ምን እንደምማር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለአዲሶቹ፦ ፊዚሺያን አሲስታንት። እዚህ አገር ሌላ ስም ይሰጡታል፣ ሥራው ግን ያው ነው። ታካሚውን ትጠይቂያለሽ፣ ትመረምሪያለሽ፣ ከሐኪሙ ጋር ሆነሽ ታክሚያለሽ። እኔ የገባሁበት ዲግሪውና ማስተርሱ አንድ ላይ የተያያዘ ነው። ዲግሪውን ጨርሰሽ ሳታርፊ ቀጥ ብለሽ ማስተርሱ ውስጥ ትገቢያለሽ።

አባቴ ሳስረዳው ትንሽ አሰበና «ገባኝ! ብርድ ልብስና አንሶላ አንድ ላይ ታስሮ እንደሚሸጠው ማለትሽ ነው» አለኝ። ጀፕስታውን ገበያ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል፤ ዓለም ሁሉ የሚገባው በብርድ ልብስ ነው።

ስሙን ግን እስከዛሬ አልወደደውም። «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ረዳት? ረዳት እኮ ታክሲ በር ላይም ተንጠልጥሎ ይሄዳል!»

እናቴ ግን የገባሁ ዕለት ለመላው ሰፈራችን፣ ለሜይፌር፣ «ልጄ ዶክተር ሆነች» ብላ ጨርሳለች። አሁን ዳቦ ልገዛ ስወጣ ምላሱን አውጥቶ የሚያሳየኝ ሰው አለ። በኮሮና ዘመን! ማስኩን ዝቅ አድርጎ!

እሺ። ዲግሪውና ማስተርሱ መሃል ላይ በር አለ። ታካሚ ፊት ቁጭ ብለሽ፣ ምን እንደሚሰማው ጠይቀሽ፣ በተሰጠሽ ሰዓት ውስጥ በሽታውን ማውጣት አለብሽ። ካለፍሽ ማስተርሱ ያንቺ ነው። ከወደቅሽ ዲግሪሽን ይዘሽ በሰላም ግቢ።

ያ ፈተና ዛሬ ነበር።

ደጉ ዘመን ቢሆን ሆስፒታል ገብተን ነበር የምንፈተነው። አሁን ሆስፒታሉ በኮሮና ተጨናንቋል፣ እኛ ደግሞ ዙም ላይ ቀርተናል። ስለዚህ ከቤትሽ ወይም ከጎረቤት አንድ ትልቅ ሰው አምጪ ተባልን። ሕክምና ያልተማረ ይሁን፤ ድራማ አይሥራ፤ እውነት የሚሰማውን ይናገር። ትልቅ ሰው ሆኖ አንድ የሚቆረጥመው ነገር የሚያጣ የለም፣ አሉን።

የኔን እናት አያውቋትም!

አሁን ወደ ሊያ እንምጣ።

ወይ ሊያ!

ክፍላችን ውስጥ ሁለት አበሾች ነን። አንዷ ሊያ ናት። ሌላዋ ከሊያ ጋር የምትነጻጸረው እኔ ነኝ። የሊያ አባትም እናትም ሐኪሞች ናቸው። ቤታቸው በሰሜን በኩል ነው፣ ዛፉ ከሰዉ የሚበዛበት ሰፈር። እንግሊዝኛ ስታወራ ዜና የምታነብ ነው የምትመስለው። ስቴቶስኮፗ ላይ ስሟ ተቀርጿል፤ አባቷ ለልደቷ አሠርቶላት ነው።

የኔም ላይ ስም ተቀርጿል። «ታቦ» ይላል። ታቦ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለተኛ እጅ ነው የገዛሁት።

ክፉ ብትሆን እኮ ጥሩ ነበር። አይደለችም! ኖቷን ታካፍለኛለች። ዳታ ሲያልቅብኝ ሳልጠይቃት ትልክልኛለች። ሰው እንዲህ ያለችውን ልጅ እንዴት አድርጎ በሰላም ይጠላል? አላስቻለችኝም እኮ!

እናቴ ደግሞ ስትወዳት! እኔ «አንቺ» ነኝ፤ ሊያ «ሊዬ» ናት። እኔ ብርጭቆ ስሰብር «ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው?» ሊያ ስትሰብር «ክፉውን ይዞ ይሂድ የኔ ልጅ!»

እና የፈተናው ሕግ ሲነገረን፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ሊያ ወላጆቿን ማቅረብ አትችልም፤ ሐኪሞች ናቸዋ! የሐኪም ልጅ መሆን ለአንድ ቀን እንኳን ጎዳት ብዬ ሻይዬን በሰላም ጠጣሁ።

ሻዩ ሳይወርድልኝ ስልክ ጮኸ። የኔ አይደለም። የእናቴ!

«ማሚ፣ እባክሽ ታካሚ ሁኚልኝ።»

ማሚ? ማን ነው ማሚ ያስባላት? ያውም በአንቺ!

እናቴም እኔን ዞር ብላ ሳታየኝ «ምን ገዶኝ ሊዬ!» አለቻት። እንዲህ ሆኖ አንዲት እናት ለሁለት ተማሪ ተመደበች። ትምህርት ቤቱም በሎክዳውን ሰው ከየት ይመጣል ብሎ ፈቀደ። ጠዋት ሊያ፣ ከሰዓት እኔ።

ልብ በሉልኝ። የኔ እናት! ትኩሱ ለሊያ፣ የተረፈው ለኔ!

ቢሆንም አልደነገጥኩም። ሚስጥር ነበረኝ። ፈተናው ከተነገረን ጀምሮ ከእናቴ ጋር ስንለማመድ «ምን ያምሻል?» ባልኳት ቁጥር «ጉልበቴን» ነው የምትለኝ። ስለዚህ ጉልበት አጠናሁ። ጉልበት በልቼ ጉልበት ጠጥቼ አደርኩ። የጉልበት አጥንት፣ የጉልበት ጅማት፣ ጉልበት ሲያብጥ፣ ጉልበት ሲንቋቋ። ማንም ጆበርግ ውስጥ ከኔ በላይ ስለ ጉልበት አያውቅም ነበር።

ለሊያ ትንፍሽ አላልኩም። ፈተና ነዋ!

ዛሬ ጠዋት ሊያ መጣች። ማስክ በማስክ ላይ ደርባ፣ ሳኒታይዘሯን በቦርሳዋ ጎን አንጠልጥላ፣ የራሷን መብራት ከነመቆሚያው ይዛ። ፊትን የሚያበራ ክብ መብራት አለ አይደል? እሱን። እናቴ የውጭው በር አይከፈትላትም ብላ እታች ድረስ ወርዳ ተቀብላት ነው አብረው የወጡት። ለኔ ወርዳ በር ከፍታልኝ አታውቅም፤ ቁልፍ አለሽ ትለኛለች።

እናቴ ለኢድ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳለች። ላፕቶፑ ፊት ደግሞ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ደርድራለች።

«እማ፣ ይሄ ለማን ነው?»

«ለዶክተሩ።»

«እማ፣ ዶክተሩ ዙም ውስጥ ናቸው። አይበሉም።»

«አይበሉም ብዬ ባዶ ጠረጴዛ ላሳያቸው? ምን ይሉናል?»

ዶክተሩ ያለችው ዶክተር ግርማን ነው፣ መምህራችንን። እኛ የምናመጣው ታካሚ በቋንቋው እንዲናገር ተብሎ አበሻ ፈታኝ ነው የተመደበልን። ከሳቸው ጋር ሲስተር ታንዲ የምትባል አንጋፋ ነርስ አለች። አማርኛ አትሰማም፤ ፊት ግን ታነባለች።

ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው የኔ ክፍል ነው። ስለዚህ ክፍሌም ለሊያ ተሰጠ። በሩ ተዘጋ። እኔ ኮሪደር ላይ በካልሲ ቆምኩ።

ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። መጀመሪያ እናቴ ሳቀች። ጥሩ፣ ትሳቅ። ከዚያ እናቴ ቀስ ብላ፣ ረጅም ሰዓት ተናገረች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት ስታማ እንዲህ አይደለም። ዱዓ ስታደርግም እንዲህ አይደለም። መጨረሻ ላይ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ።

በጉልበት ይለቀሳል እንዴ?

ሲወጡ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። እናቴ የሊያን እጅ ይዛለች። በዚህ ኮሮና! እኔን ከውጭ ስገባ እጄን ሳልታጠብ በሩን እንዳልነካ የምታደርገኝ ሴትዮ!

ሊያን ወደ ጥግ ጎተትኳት።

«ምን አለችሽ?»

«ልነግርሽ አልችልም ራህመት። የታካሚ ሚስጥር ነው።»

«የገዛ እናቴ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች።

ልክ ነች። እኔም ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ታካሚ የነገረሽን ለማንም፣ ለቤተሰቡም አትናገሪም። ልክ መሆኗ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ብትሳሳት እኮ እጣላት ነበር!

ከዚያ እናቴ «ምሳ ሳትበዪ ንቅንቅ አትዪም» አለቻት። ትናንት የተሠራ ዶሮ ነበር። ፈረሰኛውን ለኔ አስቀምጣልኝ ነበር፤ ትናንት በአፏ ነግራኛለች። ሊያ ሳህን ላይ አየሁት።

ፈረሰኛዬን!

እንግዲህ እኔ ፈተና የገባሁት በዚህ ሆዴ ነው። ባዶ ሆድ፣ የሞላ ቅናት።

ተቀመጥን። እናቴ ከፊቴ፣ ሳምቡሳው ከመሃላችን፣ ዶክተር ግርማና ሲስተር ታንዲ በስክሪኑ። ታቦን አንገቴ ላይ አደረግኩት። በሕጉ መሠረት ታካሚሽን እንደማታውቂው ሰው በአክብሮት ነው የምታናግሪው።

«ጤና ይስጥልኝ። ራህመት እባላለሁ፣ ተማሪ ነኝ። ስምዎን ማን ልበል?»

እናቴ ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች።

«ማንን ነው?»

«እርስዎን።»

«ምን እርስዎ ትይኛለሽ? ተጣላን እንዴ?»

ዶክተር ግርማ ሳል ሳል አሉ። እኔ እንደ ምንም ፈገግ አልኩ።

«ዛሬ ምን አስቸግሮዎት መጡ?»

እናቴ ቀሚሷን አስተካክላ ካሜራውን አየች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ ዶክተር? ቤተሰብ ደህና? እናትዎ አሉ?»

«እናትዎ አሉ?» ታካሚዬ ፈታኙን መመርመር ጀመረች!

እሺ ብዬ ጉልበቱን በእጄ አቀበልኳት። «ጉልበትዎስ? ጉልበት አካባቢ ምን ይሰማዎታል?»

«ጉልበቴ ምን ሆነ?»

«የሚያምዎት!»

«እሱማ ለልምምድ ነበር። የሚጠየቅ ነገር ፈልገሽ ስትጨነቂ ጉልበት አልኩሽ። አሁን ግን ዶክተር ጠዋት እውነት ብቻ ነው የሚነገረው ብለውኛል። ጉልበቴ እንኳን ደህና ነው።»

ሰማችሁ? ስንት ቀን ያጠናሁት ጉልበት በአንድ አፍ ዳነ!

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ምርመራ ማለት ይከብደኛል። ቆጠራ ነው። ራስዎ? ደህና። ዓይንዎ? ደህና። ሆድዎ? «ሆድ ምን ይሆናል፣ እየበላ!» እንቅልፍ? «እንደ ሕፃን።» ደረትዎ?

«ደህና» አለች፣ ሻሿን አንገቷ ስር እያጠበቀች። እኔም ወደ ወገብ አለፍኩ።

እንዴት እንዳለፍኩ አትጠይቁኝ። እሮጥ ነበር። ሰዓቱ እየሄደ፣ ማስተርሱ እየሄደ፣ ሊያ ኩሽና ውስጥ ፈረሰኛዬን እየጋጠች!

ሲስተር ታንዲ ታካሚዋ ምን እያሉ ነው ብላ ጠየቀች። ዶክተር ግርማ በእንግሊዝኛ መለሱላት።

«ታካሚዋ ደህና ነኝ ይላሉ። ደህና ያልሆነችው ተማሪዋ ናት።»

በቃ። እዚህ ላይ ነው ትዕግስቴ የተበጠሰው።

«ለሊያ ነግረሻታል!» አልኳት። አክብሮቱም «እርስዎ» ማለቱም የት እንደገባ እንጃ። «በሬን ዘግተሽ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እያለቀስሽ ነግረሻታል! እኔ ስጠይቅሽ ደህና ነኝ? እንዴት ነው ለሷ ታመሽ ለኔ የምትድኚው? እንዴት አያምሽም!» ጠረጴዛውን መታሁት። አንድ ሳምቡሳ ተንከባሎ መሬት ወረደ።

ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሬ፣ ከአፌ የወጣውን ስሙ፦

«ዶክተር፣ በሽታውን ጠዋት ሊያ ጨረሰችው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከኩሽና ይሰማ የነበረው የማንኪያ ድምፅ ቆመ። እንደዚያ ጮኼ በር አያግደውም፤ ሊያ ሁሉንም ሰምታለች።

ሲስተር ታንዲ «ሃይቦ!» አለች፤ የዚህ አገር «ወይ ጉድ!» ነው። አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ሳለሁ እናቴ ጎንበስ ብላ ሳምቡሳውን አነሳች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጠዋት ከበሩ ጀርባ በሰማሁት በዚያ ድምፅ ተናገረች።

«ሊያ እኮ ልጄ አይደለችም።»

«እና?»

«እናማ ለሷ ብነግራት ቤቷ ገብታ ትተኛለች። አንቺ ብትሰሚ ትተኛለሽ? ትማሪያለሽ?»

ዶክተር ግርማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ ዘምዘም፣ እኔ ልንገራት?»

«ይንገሯት» አለች እናቴ። «እንዳታለቅስብኝ ብቻ።»

እኔ ቀድሜ ጀምሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በክረምቱ ኮሮና ይዟት ነበር። ዳነች ብለን ሰደቃ አወጣን። ለካ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆረጣል። ደረቷን ጭምድድ ያደርጋታል። መሃል ላይ ሳታርፍ እቤት አትደርስም። ዶክተር ግርማ «እናትሽ መታየት አለባቸው፣ ሳይውል ሳያድር ነው» አሉኝ።

አሁን የኔን ጉድ ስሙ። እኛ ሜይፌር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ ሊፍት የለም። ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ መንገዱን የሚያሳይ መስኮት አለ። እናቴ ከዚያ መስኮት አትጠፋም። የደረጃውን ብረት ይዛ ቆማ መንገድ ታያለች። እኔ ደግሞ «የሜይፌር ቴሌቪዥን» የሚል ስም አወጣሁላት። «ዛሬ ምን ዜና አለ?» እያልኩ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ፣ ታቦን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በአጠገቧ አልፋለሁ።

ትስቃለች። መናገር ስላልቻለች ነበር የምትስቀው።

ሊያስ በምን አወቀች? ጠዋት ደረጃውን አብረው ወጡ አላልኳችሁም? እናቴ መስኮቱ ጋ ስትቆም ሊያም ቆመች። አየቻት። መንገዱን ሳይሆን እሷን። ከዚያ ገብታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፦ «ማሚ፣ ደረጃው ላይ ምን ሆንሽ?»

«ምርመራ የሚጀምረው ታካሚው ሳይቀመጥ ነው» ይሉናል መምህሮቻችን። እኔ ኖቴ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ። በጣም ነው ያሰመርኩበት!

ደግሞ እናቴ እኮ ሰው ቤታችን መጥቶ ራሴን ወገቤን ሲላት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ የምትቆጣ ሴት ናት። ይህችው ሴትዮ! ተረቱ ለሰው ነው ለካ።

ፈተናውስ? ዶክተር ግርማ ለሲስተር ታንዲ ነገሩን አስረዷትና ሁለቱ ተነጋገሩ። እሷ አንገቷን እየነቀነቀች «አይ ሼም» ስትል ሰማኋት፤ እዚህ አገር ሲያዝኑልሽ እንዲህ ነው የሚሉት። ከዚያ ወደኔ ተመለሱ።

«ራህመት፣ አላለፍሽም። ግን አልጣልንሽም። በሚቀጥለው ሳምንት ትደግሚያለሽ፤ እሱን ካላለፍሽ ማስተርሱ ይቀራል። እናትሽን ግን እንዳታመጪ።»

«ማንን ላምጣ ታዲያ?»

«የሰው እናት አምጪ።»

ዙሙ ተዘጋ። ሳምቡሳው እንዳለ ነው።

ኩሽና ገባሁ። ሊያ ሳህን እያጠበች ነው። ፈረሰኛው ሳይነካ ሳህን ተደፍቶበት ተቀምጧል። «ላንቺ ያስቀመጠችው እንደነበር ራሷ ነግራኛለች፣ ስታወጣልኝ እምቢ ማለት አፈርኩ» አለችኝ። አያችሁ? አያችሁ የምታደርገኝን? ፈረሰኛውን እንኳን በልታ አታሳርፈኝም!

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እናትሽ ስትነግረኝ ሁሉ ራህመት እንዳትሰማ፣ ራህመት እንዳትሰማ ነው የምትለው። የኔ እናት ብትታመም ለራሷ መድኃኒት ጽፋ ሥራ ትገባለች። እኔ መስማቴም አለመስማቴም አያስጨንቃትም። ቀናሁብሽ።»

ቀናሁብሽ? በኔ?

ይቺ ልጅ ቅናቴን እንኳን ልትወስድብኝ ነው እንዴ!

ሳቅ መጣብኝ። እሷም ሳቀች። ከዚያ በማስክ ላይ ማስክ እንዳደረገች ተቃቀፍን፤ ሳኒታይዘሩ ጎኔን ወጋኝ። ወዲያው ስልኳን አወጣችና እናቷ ጋ ደወለች። ነገ ጠዋት እናቴን ሊያዩልን ቀጠሮ ያዙ።

ስለዚህ የኔን በሽተኛ ሊያ አገኘች፣ የሊያ እናት ደግሞ ሊያክሙልኝ ነው። ቤተሰቡ ጠቅልሎ ተረከበን! አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። ግን ቅናቴ ጨርሶ ለቀቀኝ ካልኳችሁ ውሸት ነው። ጥግ ይዞ ተቀምጧል፣ ይታየኛል።

አመሻሹ ላይ እናቴ ዳቦ ልገዛ ብላ ተነሳች። አብሬሽ እወርዳለሁ አልኳት። ስንመለስ ዳቦውን እኔ ያዝኩ። ሁለት ሁለት መዝለል የለ፤ አንድ በአንድ ወጣን። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ብረቱን ይዛ ቆመች።

«ሰው እያየሁ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

«እኔም» አልኳት።

እጇን ያዝኩት። ጣቴን ቀስ ብዬ የእጇ አንጓ ላይ አሳረፍኩ። ልቧ ይሮጣል። ፊቷ ግን መንገዱ ላይ የምትስቅበት ነገር ያገኘ ይመስላል።

«እጄን ምን ሆንሽ?»

«ናፍቀሽኝ ነው።»

«ውሸታም!»

«ከማን ተማርኩት እማ?»

እዚያው ቆመን ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ መንገዱን አየን። አንድ ሰውዬ ፍራሽ በጭንቅላቱ ተሸክሞ አለፈ። ታክሲ ጡሩምባውን ነፋ። ከዚያ «ምን ይገትረናል፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል» ብላ ደረጃውን ጀመረችው፣ እንደ ጤነኛ ሰው።

«ደህና ነሽ?» አልኳት ከኋላዋ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ጉዴ ይኸው ነው። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። ስትስቁ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ለእናታችሁ ደውላችኋል? ደህና ነኝ አለቻችሁ? እና አመናችኋት?

አይ የኛ ነገር!

ለሚቀጥለው ሳምንት ፈተና እናት እፈልጋለሁ። ጆበርግ ያላችሁ፣ ከሜይፌርም ይሁን ከቶኮዛ፣ «ምንም አላመመኝም» የምትል እናት ያለቻችሁ ላኩልኝ። ሳምቡሳው ከኛ ነው። ጉልበት ነው ብትላችሁ አትመኑ።

እኔ ዘንድ ስትመጣ እውነቱን ትናገራለች። ልጇ አይደለሁማ።